መዘጋቱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው

(ጠባብ ክፍል። መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ የሎሚ ሽሮፕ የተሞላ አንድ ጠርሙስ፣ ጥቂት ቆርኪዎች የያዘ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ መክፈቻና ቆርኪ መግጠሚያ ይታያሉ። መግጠሚያው ሁለት እጀታ ያለው ብረት ነው። አናቱን በጠርሙሱ አፍ ላይ አስቀምጠው እጀታዎቹን ወደ ታች ሲጫኗቸው ቆርኪውን ቀጭ አድርጎ ያስነክሳል። ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ ጓዳ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛውን ከበዋል። አንዱ የቤቱ አባወራ ነው፤ ሙያው ቤት መቀባት፣ ጠባዩ ዝግተኛ። ሌላው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪነት ጡረታ ወጥቷል፣ ኮቱን ግን ዛሬም እስከ አንገቱ ቆልፏል። ቀቢው ጠርሙሱን አሁን ገጥሞ መጨረሱ ነው።)

ተቆጣጣሪው፦ ክፈተው።

ቀቢው፦ አሁን መዝጋቴ እኮ ነው፣ ጋሼ።

ተቆጣጣሪው፦ አይቼሃለሁ። ለዚህ ነው ክፈተው የምልህ።

ቀቢው፦ ካዩኝ ታዲያ ምን ያስከፍተዋል?

ተቆጣጣሪው፦ ያየሁት ስትዘጋ ነው። መዘጋቱን አላየሁም።

ቀቢው፦ ልዩነቱ አልገባኝም።

ተቆጣጣሪው፦ እንዴት ብሎ ይገባሃል። አንድ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከቤቱ ሲወጣ ብታየው፣ ደርሷል ትላለህ?

ቀቢው፦ የት ነው የሚሄደው?

ተቆጣጣሪው፦ ማን?

ቀቢው፦ ሰውዬው።

ተቆጣጣሪው፦ እኔ ምን አውቅልሃለሁ።

ቀቢው፦ ቅርብ ከሆነ ይደርሳል ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ሰውዬውን ተወውና ጠርሙሱን ክፈት።

ቀቢው፦ (በመክፈቻው ይከፍታል) ይኸው።

ተቆጣጣሪው፦ (የወለቀውን ቆርኪ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል) ጥርሱን አየኸው?

ቀቢው፦ የማንን?

ተቆጣጣሪው፦ የቆርኪውን ነዋ። በግራ በኩል ጎበጥ ብሏል። ግራ እጅህ ሰነፍ ነው ማለት ነው።

ቀቢው፦ መክፈቻው በግራ ስለገባ ይሆናል።

ተቆጣጣሪው፦ በመክፈቻ አታሳብብ። (ብርጭቆው ላይ ትንሽ ቀድቶ ይቀምሳል፤ ዓይኑን ይጨፍናል) ይኸው። አየር ገብቶበታል።

ቀቢው፦ መቼ?

ተቆጣጣሪው፦ ተዘግቶ ሳለ።

ቀቢው፦ አሁን ስንከፍተው የገባ ቢሆንስ?

ተቆጣጣሪው፦ አሁን የገባውንማ አውቀዋለሁ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ ነው የገባው። በል እንደገና ዝጋው።

ቀቢው፦ (አዲስ ቆርኪ ያነሳል) ከዘጋሁት በኋላስ?

ተቆጣጣሪው፦ ከዘጋኸው በኋላ እናያለን።

ቀቢው፦ ምኑን?

ተቆጣጣሪው፦ መዘጋቱን።

ቀቢው፦ በምን?

ተቆጣጣሪው፦ በመክፈቻ። አንተ ሰው፣ ነገር እየደጋገምክ ታደክመኛለህ።

ቀቢው፦ (እጁን ከእጀታው ላይ ያነሳል) ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ መቼም አይዘጋም።

ተቆጣጣሪው፦ ስማኝ አማቼ። እኔ ዕድሜዬን አውቶቡስ ላይ ነው የጨረስኩት። ቲኬት እንዴት ነው የሚፈተሸው?

ቀቢው፦ ታይቶ።

ተቆጣጣሪው፦ ተቀድዶ። ቲኬት ካልተቀደደ አልታየም። ሳልቀደው አይቼዋለሁ የሚል ተቆጣጣሪ ካጋጠመህ፣ ወይ ዓይኑ ታሟል፣ ወይ እጁ ለምዷል።

ቀቢው፦ የተቀደደው ቲኬት ግን ሌላ አውቶቡስ ላይ ያስወጣል?

ተቆጣጣሪው፦ በጭራሽ።

ቀቢው፦ ታዲያ የተከፈተው ጠርሙስ ሱቅ ይገባል?

ተቆጣጣሪው፦ ጠርሙስና ቲኬት አንድ ነው እንዴ?

ቀቢው፦ ያመሳሰሏቸው እርስዎ ነዎት።

ተቆጣጣሪው፦ እኔ ያመሳሰልኩት ሥራውን ነው። አንተ ዕቃውን ታመሳስላለህ። እኔ ተቆጣጣሪ፣ አንተ ቀቢ ሆነን የቀረነው ለዚህ ነው።

ቀቢው፦ እኔ ቀቢ የሆንኩት እንኳ አባቴ ቀቢ ስለነበረ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ እሱም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ቀቢው፦ (ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል) እኔን የጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። ባለቤቴ ከሱቁ መኪና ጋር ከቀትር በፊት ትመጣለች። የሱቁ ሰውዬ ምን እንዳላት ያውቃሉ። ዛሬ ካላደረሽልኝ መደርደሪያውን ለኮምጣጤ ነጋዴው እሰጠዋለሁ ብሏታል። ከስፌት ፋብሪካው ከተቀነሰች ወዲህ ይቺ የመጀመሪያ ትእዛዟ ናት። ሎሚ ስትጨምቅ ጣቷ ሁሉ ተላልጧል።

ተቆጣጣሪው፦ እህቴ ናት፤ ካንተ ይልቅ እኔን ይጨንቀኛል። መንገድ ላይ አንድ ጠርሙስ ቢያፈስ አብሮ የሚፈሰው ስሟ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?

ቀቢው፦ ስንጠረጥር መኪናው ቢደርስስ?

ተቆጣጣሪው፦ ይቆማላ። እኔ እጄን ዘርግቼ ያላቆምኩት መኪና አለ?

ቀቢው፦ ባለቤቴ ደግሞ አንድ ዘዴ ነግራኛለች። ከዘጋችሁት በኋላ ገልብጡት፤ ካልተንጠባጠበ ተዘግቷል ብላለች።

ተቆጣጣሪው፦ እህቴን እወዳታለሁ፤ የዋህ ናት። ሳይንጠባጠብ የሚያፈስም አለ።

ቀቢው፦ ምን ያፈሳል?

ተቆጣጣሪው፦ አየር።

ቀቢው፦ አየር ሲያፈስ አይቼ አላውቅም።

ተቆጣጣሪው፦ አየህ፣ አላየህም። እንዲያ ሆነህ እንዴት ተቆጣጣሪ ትሆናለህ? (እጅጌውን ይሰበስባል) ወዲያ በል፣ ላሳይህ። ይሄ መሣሪያ ጉልበት አይደለም የሚፈልገው፤ ብልሃት ነው። ቆርኪው የታለ?

ቀቢው፦ መግጠሚያው አናት ሥር አስጠግተው ይልቀቁት፤ ማግኔት አለው፣ ራሱ ይይዘዋል።

ተቆጣጣሪው፦ (ያስጠጋል፤ ቆርኪው ተለጥፎ ይቀራል። ደንግጦ በጣቱ ይፈለቅቀዋል) ተበላሽቷል። ተጣብቆበታል።

ቀቢው፦ ማግኔቱ ነው እኮ የያዘው።

ተቆጣጣሪው፦ የያዘውማ ከሆነ መቼ ሊለቀው ነው? ገና ከአሁኑ እንዲህ ካጠበቀ። (ቆርኪውን በእጁ ጠርሙሱ አፍ ላይ ያስቀምጣል፤ መግጠሚያውን ይጭንበታል) አሁን ተመልከት። መጀመሪያ ቀኝ…

ቀቢው፦ ሁለቱን አንድ ላይ ነው፣ ጋሼ።

ተቆጣጣሪው፦ ሰው ሁለቱን እግሩን አንድ ላይ ያነሳል? መጀመሪያ ቀኝ… (ይጫናል) ቀጥሎ ግራ… (ይጫናል፤ ቆርኪው ወደ አንድ ጎን ይንጋደዳል) እ… እንዲህ ነው።

ቀቢው፦ ባርኔጣ ይመስላል።

ተቆጣጣሪው፦ ምኑ?

ቀቢው፦ ቆርኪው። ወደ ጎን ደፋ ብሏል።

ተቆጣጣሪው፦ ጥብቅ ያለ ነገር ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ልገልብጠው፣ አንዲት ጠብታ አታይም። (ይገለብጠዋል፤ ሽሮፑ ኮቱ ላይ ይዥጎደጎዳል)

(ቀቢው የረጠበውን ኮት ያያል።)

ቀቢው፦ ጠብታ እንኳ አይደለም።

ተቆጣጣሪው፦ (ኮቱን በመሐረብ እየጠረገ) ጠርሙሱ ነው። አንገቱ ጠማማ ነው።

ቀቢው፦ ጠርሙሱ?

ተቆጣጣሪው፦ አንገቱን አየው። እንዲህ ያለ አንገት ቆርኪ አይሸከምም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል አሉ፤ ይሄ ሲሠራም ጠማማ ሆኖ ነው የተሠራው። ውሰድልኝና ሌላ አምጣ። መሣሪያውንም እጠበው፤ ስኳር አጣብቆታል።

(ቀቢው ጠርሙሱን በአንድ እጁ፣ መግጠሚያውን በሌላው ይዞ ትንሽ ይቆማል። ሰዓቱን ያያል። ተቆጣጣሪውን ያያል። ጠርሙሱን ያያል።)

ቀቢው፦ ሌላ ላምጣልዎት?

ተቆጣጣሪው፦ አምጣ አልኩህ እኮ።

ቀቢው፦ እሺ። እርስዎ ይቀመጡ። ትንሽ ብቆይ አይቆጡኝ።

ተቆጣጣሪው፦ ቀስ በል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

(ቀቢው ወደ ጓዳ ይገባል። ተቆጣጣሪው በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ የተነቀሉትን ቆርኪዎች ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ይደረድራል። ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።)

ተቆጣጣሪው፦ ምንድነው እሱ ቀጭ ቀጭ የሚለው?

ቀቢው፦ (ከጓዳ) መሣሪያውን እያጠብኩ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ሲታጠብ እንዲህ ይጮሃል?

ቀቢው፦ (ከጓዳ) ውኃው እንዲራገፍለት ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ጎበዝ። በደንብ አራግፈው። (ለራሱ) ሰውዬው ልቡ ጥሩ ነው፣ ጭንቅላቱ ብቻ ዘገየ እንጂ። እህቴ ባታገባው ኖሮ መንገድ የሚያሻግረው አያገኝም ነበር።

(ቀቢው አፉ ድረስ የተሞላ ጠርሙስና መግጠሚያውን ይዞ ይመለሳል፤ ቆርኪ ያስጠጋል፤ ሁለቱን እጀታ አንድ ላይ ይጫናል።)

ተቆጣጣሪው፦ አሁን ይሄን አንገት ተመልከት። ቀጥ ያለ ነው። ከቅድሙ ጋር ያለውን ልዩነት ታያለህ?

ቀቢው፦ አሁን እርስዎ ሲነግሩኝ ትንሽ ትንሽ ይታየኛል።

ተቆጣጣሪው፦ ክፈተው። (ይከፈታል፤ ይቀምሳል) ይሄ ደህና ታሽጓል። ግን ስኳሩ ከቅድሙ ያንሳል። ከሌላ ድስት ነው የተቀዳው።

ቀቢው፦ ድስታችን አንድ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ እንግዲያው ከላይ ነው የተቀዳው። የቅድሙ ከሥር ነበር። ስኳር ይዘቅጣል። ሌላ አምጣ።

ቀቢው፦ መሣሪያውንም ልጠበው?

ተቆጣጣሪው፦ ሁልጊዜ መታጠብ አለበት። ይሄንን እኔ ልነግርህ አይገባም ነበር።

(ቀቢው ጠርሙሱንና መግጠሚያውን ይዞ ይገባል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።)

ተቆጣጣሪው፦ (ወደ መጋረጃው እየጮኸ) አንድ ቀን አንድ መልከ መልካም ሰው፣ ኮትና ክራባት ያደረገ፣ ቲኬቱን ከሩቅ አሳየኝ። አየሁት አልኩ? አላልኩም። ተቀበልኩት፣ ቀደድኩት። ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው?

ቀቢው፦ (ከጓዳ) ምን ሆኖ ተገኘ?

ተቆጣጣሪው፦ ትክክለኛ ቲኬት።

ቀቢው፦ (ከጓዳ) እና?

ተቆጣጣሪው፦ እናማ ባልቀደው ኖሮ እስከ ዛሬ እጠረጥረው ነበር። ስንት ዓመት በሐሳብ ባለቅኩ።

(ቀቢው ይመለሳል። ይገጥማል፤ ሳይጠየቅም ይከፍታል።)

ተቆጣጣሪው፦ አየህ፣ እየለመድክ መጣህ። (ይቀምሳል) ይሄኛው ቀለል ይላል። ይሄ በደንብ የተጠለለ ነው። የእህቴ እጅ ያረፈበት ነው፤ እነዚያኛዎቹን የሞላሃቸው አንተ ነህ።

ቀቢው፦ እርግጥ ነው፣ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪው፦ ምላስ አይዋሽም። ሌላ አምጣ።

(ቀቢው ይገባል። የተቆጣጣሪው ስልክ ይጮሃል። ከኮቱ ኪስ በሚጣበቅ እጅ ያወጣዋል።)

ተቆጣጣሪው፦ አቤት እህቴ… ኧረ በምን ዕዳዬ፣ ወንድምሽ እያለሁልሽ… ሥራው? ሥራውማ እየተሳለጠ ነው። አንድም ሳይታይ የሚያልፍ የለም… ስንቱ ተዘጋ? ሁሉም ተዘግቷል። ተዘግቶ ያልተከፈተ የለም… ኧረ ቀስ በይ፣ ጆሮዬን። ምን ያስጮህሻል?… እሱ? እሱ ጓዳ ገብቶ መሣሪያ እያራገፈ ነው… እሺ፣ እሺ፣ ላቅርብልሽ። (ወደ መጋረጃው ስልኩን ይዘረጋል፤ የቀቢው እጅ ብቻ ወጥቶ ይቀበለዋል)

ቀቢው፦ (ከጓዳ) እመት… አዎ… አዎ… አይ፣ አታስቢ… እሱን ነው ያደረግኩት… አንድ ሳጥን ቀርቶኛል… አይ፣ አላየም… እሺ። (እጁ ስልኩን ይመልሳል)

ተቆጣጣሪው፦ ምን አለችህ?

ቀቢው፦ (ከጓዳ) ወንድሜን በርታ በልልኝ አለች።

ተቆጣጣሪው፦ ያላየሁት ምንድነው?

ቀቢው፦ (ከጓዳ) ስትጨነቅ ፊቷን። አላየሽም ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ (ልቡ ተነክቶ) ምስኪን። ከትንሽነቷ እንዲህ ናት። አባታችን ሲሞት እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ስትጨነቅ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች እንጂ ክፋት የላትም። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ጠርሙሷን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

(ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ የከበደ ነገር ሲጎተት ይሰማል። ቀቢው ላቡን እየጠረገ ጠርሙሱን ይዞ ይወጣል።)

ተቆጣጣሪው፦ አልቦሃል። መሣሪያ ማጠብ ይህን ያህል ያደክማል?

ቀቢው፦ አልለመድኩትም።

ተቆጣጣሪው፦ በል ዝጋ። (ቀቢው ይዘጋል) ክፈት። (ይከፍታል። ተቆጣጣሪው ብርጭቆው ላይ ይቀዳል፤ ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል)

ቀቢው፦ ምነው፣ ጋሼ?

ተቆጣጣሪው፦ ዝም በል። (በዝግታ ይጠጣል፤ ደግሞ ይቀዳል) ይሄ ነው።

ቀቢው፦ ምኑ?

ተቆጣጣሪው፦ ጥራት ማለት ይሄ ነው። አየህ፣ ጥርት ብሏል። አይቆረፍድም፣ አይጎመዝዝም። ስኳሩ ራሱን አያሳይም። ሎሚው ደግሞ አለ ስትለው የለም፣ የለም ስትለው አለ። ጨዋ ሎሚ ነው።

ቀቢው፦ እንደዚያ ያስባሉ?

ተቆጣጣሪው፦ ማሰብ አይደለም፣ ማወቅ ነው። የቀሩት በሙሉ እንዲህ መሆን ነበረባቸው። ስትመጣ እነግራታለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ ዓይነት እንዳታመርት። (ብርጭቆውን ይጨልጣል) በል ዝጋውና ለሱቁ ሰውዬ ማሳያ ይሁን።

ቀቢው፦ (ሳህኑን ያነሳና ባዶነቱን ያሳየዋል) ቆርኪ አልቋል።

ተቆጣጣሪው፦ ምን ማለትህ ነው?

ቀቢው፦ ሳህኑ ውስጥ የለም።

ተቆጣጣሪው፦ የት ሄደ?

(ቀቢው ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ የተደረደሩትን የተጣመሙ ቆርኪዎች ያያል። ተቆጣጣሪውም ያያቸዋል። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።)

ተቆጣጣሪው፦ ምንድነው እሱ?

ቀቢው፦ መኪናው ነዋ።

ተቆጣጣሪው፦ (ብድግ ይላል) እንዴት ይመጣል? አንተ ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትዘጋ ውለህ አንድ የተዘጋ ጠርሙስ የለህም?

ቀቢው፦ የዘጋሁትን ሁሉ…

ተቆጣጣሪው፦ ቆርኪውን ሁሉ ጨረስከው። ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይዘጋል? የሚዘጋና የማይዘጋ አይለይም? (ከመስኮቱ ወደ በሩ ይመላለሳል) ጉድ ፈላ። ኮምጣጤው ገባ። እህቴ አለቀላት። (ጡሩምባው ደግሞ ይሰማል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፁ ይወርዳል) ያስከፈትኩት እኔ ነኝ።

ቀቢው፦ ጋሼ…

ተቆጣጣሪው፦ እህቴ ዝጉ ስትል አስከፈትኩ። ላግዛት መጥቼ ጉድ ሠራኋት። ስማ፣ አንተ ወደ ጓዳ ግባ። አትታይ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። እሱ ዘግቶ ነበር፣ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። ትሳደብ፣ ታባረኝ። ባልሽን አትናገሪው እላታለሁ።

(ቀቢው ትንሽ ይመለከተዋል። ከዚያ ሄዶ መጋረጃውን ወደ አንድ ወገን ይሰበስበዋል። ጓዳው ከወለሉ እስከ ጣሪያው በሳጥን ሞልቷል፤ በሳጥኖቹ ውስጥ ጠርሙሶች፣ በሁሉም ጠርሙሶች ላይ ቆርኪ።)

ተቆጣጣሪው፦ (ቆሞ ይቀራል) ይሄ ምንድነው?

ቀቢው፦ ትእዛዙ ነው። አልቋል።

ተቆጣጣሪው፦ ማን ዘጋው?

ቀቢው፦ እኔ። መሣሪያውን ሳጥብ።

ተቆጣጣሪው፦ ቆርኪ አልቋል አላልክም?

ቀቢው፦ ሳህኑ ውስጥ ነው ያልኩት። ሌላው ጓዳ በከረጢት ነው።

ተቆጣጣሪው፦ (ወደ ሳጥኖቹ ይቀርባል፤ እጁ ወደ መክፈቻው ሊሄድ ሲል ቀቢው መክፈቻውን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል) እና እኔ የፈተሽኳቸውስ የት ናቸው?

ቀቢው፦ ጋሼ፣ አይከፉ እንጂ ልንገርዎት። በእኛ ሙያ፣ ባለቤቱ ከጀርባችን ቆሞ ሲያስቸግር አንዲት ሳንቃ ይሰጠዋል። ቀለሙን እስቲ እዚህ ላይ ይሞክሩልን ይባላል። እሱ ሳንቃዋን ሲቀባና ሲፍቅ፣ ሲቀባና ሲፍቅ ይውላል። ማታ ቤቱ ያልቃል፤ እሱም ቤቱን የቀባው እሱ ይመስለዋል።

ተቆጣጣሪው፦ የእኔ ሳንቃ የትኛው ነው?

ቀቢው፦ (ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ ይጠቁማል) እሱ።

ተቆጣጣሪው፦ እሱ የመጨረሻው ነው። የበፊቶቹስ?

ቀቢው፦ የበፊቶቹም እሱ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ አንገቱ ጠማማ የነበረው?

ቀቢው፦ እሱ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ አንገቱ ቀጥ ያለው?

ቀቢው፦ እሱው ነው።

ተቆጣጣሪው፦ (ግንባሩን ይይዛል) እህቴ ታውቃለች?

ቀቢው፦ ይምጣና ያግዝህ ያለችኝ እሷ ናት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ አንጀቴን ይበላኛል፣ ሥራ ስጠው አለች። ጠርሙሶቹን ግን እንዳትሰጠው አለች።

(ጡሩምባው ደግሞ ይሰማል። ተቆጣጣሪው ኮቱን ያስተካክላል፤ ደረቱን ይነፋል፤ አንድ ሳጥን ሊያነሳ ያጎነብሳል፤ ከዚያ ቀና ይላል።)

ተቆጣጣሪው፦ አውቄ ነበር።

ቀቢው፦ ምኑን?

ተቆጣጣሪው፦ አንድ ጠርሙስ መሆኑን። ከሁለተኛው ጀምሮ አውቄያለሁ። እስከ የት እንደምትሄድ ላይህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ስንቱን አጭበርባሪ የያዝኩ ሰው፣ አንተ ልትሸውደኝ?

ቀቢው፦ እውነትዎን ነው?

ተቆጣጣሪው፦ (ሳጥኑን ያነሳል) ምላሴ እኮ ነው። በአንድ ጉንጭ ለይቻለሁ።

ቀቢው፦ (ያስባል፤ ጊዜ ይወስድበታል) ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሽሮፑ ሁሉ ጠርሙሶቹ ውስጥ ገብቶ አልቆ ስለነበር፣ እርስዎ በቀመሱ ቁጥር የጎደለውን በውኃ ነበር የምሞላው። የመጨረሻው ላይ ጭራሽ አለቅልቄ ከቧንቧ ቀዳሁት።

ተቆጣጣሪው፦ (ሳጥኑን እንደያዘ ይቆማል) ከቧንቧ?

ቀቢው፦ ባዶ ውኃ ነበር። ካወቁ ታዲያ ያን ሁሉ ምስጋና ለምን አፈሰሱለት?

(ከውጭ የእህትየው ድምፅ ባሏን ይጠራል።)

ተቆጣጣሪው፦ (ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ በሩ እየሄደ፣ ዘወር ሳይል) ጠምቶኝ ነበር።